ጅራፉ ያረፈበት ጎን

በ2013 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም፣ በምኩራብ ሰንበት፣ ዋሽንግተን አካባቢ በማገለግልበት ደብር ከቅዳሴ በኋላ ለስብከት ቆምሁ። ግጻዌው የሚያዘው የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 2ን ነው፤ ጌታ የገመድ ጅራፍ አበጅቶ ነጋዴዎቹን ከቤተ መቅደስ ያስወጣበትን። ሀገር ቤት፣ ትግራይ ውስጥ ጦርነቱ ከተጀመረ አምስት ወር ሊሞላው ነበር። ስም ሳልጠራ ሰበክሁ። ለነገሩ ስም መጥራት ምን ያደርጋል፣ ሰምና ወርቅ እያለን! ሰሙ በሬ ሻጩና ገንዘብ ለዋጩ ነበር፤ ወርቁን የሳተው እናቱ ጀርባ ላይ የተኛው ሕፃን ብቻ ነው።

እልልታው ቀለጠ።

ብዙ ዓመት የሰበከ ሰው እልልታ ከየት እንደሚነሣ በጆሮው ይለያል። የዚያን ቀን የተነሣው ከፊት፣ ከወጣቶቹ ዘንድ ነበር። በሴቶች በኩል፣ ከዓምዱ አጠገብ፣ ምንም አልተሰማም። እዚያ የሚቆሙ አንዲት እናት ነበሩ፤ ሳያስቀድሱ የሚውሉበት ሰንበት የለም። ወንድማቸው እዚያው ትግራይ ነው፤ ስልክ ከተቋረጠ ወዲህ ድምፁን አልሰሙም። ከታች አዳራሽ ጸበል ጸዲቁ ሲቀርብ ወደ እኔ መጡና፣ «መምህር፣ ጅራፉን አሳምረው አዞሩት። ያረፈው ግን እኛ በቆምንበት ጎን ብቻ ነው» አሉኝ። መልስ አልጠበቁም። ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ነገሩን ለራሴ ላቀልለት ሞክሬ ነበር። መለያየቱ በእኔ አልተጀመረም አልሁ። በዚህ ከተማ አንዱ «ስደተኛ ሲኖዶስ»፣ አንዱ «የሀገር ቤት»፣ አንዱ «ገለልተኛ» እየተባባልን ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ኖረናል፤ ለቀብር የማን ካህን ይምጣ ተብሎ የተጣላ ቤተሰብ አውቃለሁ። ሐምሌ 2010 እዚሁ ዋሽንግተን ሁለቱ ሲኖዶሶች ሲታረቁ ተቃቅፈው ያለቀሱ ሰዎች፣ ሦስት ዓመት ሳይሞላ በሌላ ጉዳይ ሰላምታ ተነፋፈጉ። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ጅራፉን የያዝሁት ግን እኔ ነበርሁ።

የመጀመሪያው መድኃኒቴ ሽሽት ሆነ። ለወራት ስለ ፍቅርና ስለ ሰላም በደፈናው ሰበክሁ። ማንም አልተቀየመም። አንድ ቀን ከደብሩ ሽማግሌዎች አንዱ እጄን ይዘው፣ «ጥሩ ነበር፤ ለማን ነበር ግን?» አሉኝ። ቀጥዬ ሚዛን ያዝሁ፤ ከዚያ ወገን አንድ ሐዘን ካነሣሁ ከዚህም አንድ። ይሄ ከሁሉ የከፋው ሆነ፤ ምእመኑ መቁጠር ጀመረ። ታናሽ ወንድሙ ዘምቶ የቀረበት አንድ ወጣት፣ «የእነሱን በስም ጠሩ፣ የእኛን በጅምላ» አለኝ። ቆጥሮ ነው፤ አልተሳሳተም።

ዓይኔን የገለጠልኝ ዮሐንስ አፈወርቅ ነው። እኛ ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው በቅዳሴውና ከንግሥት አውዶክስያ ጋር በመጋጨቱ ነው፤ እሱን ስንሰብክ ደስ ይለናል፤ ባለሥልጣን ሲገሠጽ መስማት የማይወድ ማን አለ? እኔን የያዘኝ ግን ቁስጥንጥንያ ከመሄዱ በፊት፣ ገና በአንጾኪያ ቄስ ሳለ ያደረገው ነው። በ387 እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር፣ አዲስ ግብር የተጣለበት የከተማው ሕዝብ ተነሥቶ የንጉሠ ነገሥቱን የቴዎዶስዮስንና የቤተሰቡን ሐውልቶች ገለበጠ። ቁጣው ሲበርድ ፍርሃት ተተካ። ሹማምንቱ ያስሩ፣ ይገርፉ፣ ይገድሉ ጀመር፤ ከተማዋ ልትጠፋ ነው ተባለ። ሽማግሌው ጳጳስ ፍላቭያኖስ ምሕረት ሊለምን ወደ ቁስጥንጥንያ ገሠገሠ። ዮሐንስ ከሕዝቡ ጋር ቀረና ያን ዐቢይ ጾም ሰበከ። ስብከቶቹ ዛሬም አሉ። ስለ ግብሩ ክብደት ወይም ስለ ሹማምንቱ ጭካኔ ብቻ ቢሰብክ ጭብጨባው ጣራ ይነቅል ነበር። እሱ ግን ካጽናናቸው በኋላ እየመላለሰ የሚይዛቸው በአንድ ነገር ነው፤ መማል ተዉ። ከተማ ሊጠፋ፣ እሱ ስለ መሐላ! መጀመሪያ ሳነበው ግራ ገባኝ። ቆይቶ ነው የተገለጠልኝ፤ ንጉሡ እዚያ አልነበረም። የነበሩት አፋቸውን የማይጠብቁ አንጾኪያውያን ናቸው፤ ለእነሱ ሰበከ። ንግሥቲቱንም በኋላ የገሠጻት በከተማዋ፣ በመንበሩ ላይ ሆኖ ነው። ነቢዩ ናታንም የድኻውን በግ ታሪክ ለራሱ ለዳዊት ነው የነገረው፤ ለዳዊት ጠላቶች ነግሯቸው ቢሆን ኖሮ እልል ባሉለት።

ስለሌለ ሰው ኃጢአት ቡና ላይ ሲወራ ሐሜት እንለዋለን። ዓውደ ምሕረት ላይ ሲሆን ስብከት የሚሆነው በምን ሥልጣን ነው?

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ማታ፣ በምሠራበት የመኪና ማቆሚያ በመስታወቷ ክፍል ቁጭ ብዬ ስዘጋጅ፣ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ አንድ ጥያቄ እጽፋለሁ፤ የነገው ኃጢአተኛ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ይቆማል? የማይቆም ከሆነ እሰርዘዋለሁ። ብዙ ጊዜ ግማሽ ገጽ ይሄዳል። የሚተርፈው ትንሽ ነው፣ ግን ያማል፤ በቫይበር የመጣለትን የሬሳ ቪዲዮ ሳያጣራ ለሃያ ሰው ያስተላለፈ እጅ፣ በቅዳሴው መካከል ዲያቆኑ ሰላምታ ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚያጎነብስ ራስ፣ ለዓመታት አብሮ የጣለውን ዕቁብ በዘር ቆጥሮ ያፈረሰ ሰው። ይህን የሰበክሁ ቀን ከሁለቱም ጎን እልልታ አልነበረም። ሳል ብቻ። እውነቱን ልናገርና ያ ዝምታ ለሰባኪ ከባድ ነው፤ እልልታ ሱስ ነው። ዮሐንስ አፈወርቅ ራሱ ጭብጨባችሁን ተዉ ብሎ ሲቆጣ፣ ሕዝቡ ለቁጣውም አጨበጨበለት ይባላል።

«ታዲያ ስለ ግፍ ዝም ልትል ነው?» የሚሉኝ አሉ። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ጨርሼም አልመለስሁትም። የተገደለውን ተገደለ እላለሁ፤ ሙታኑን በጸሎት እንጠራለን፤ ለተፈናቀለው ገንዘብ እናዋጣለን። ገዳዩን በሌለበት ሰድቤ ፊቴ የቆመውን ሕዝብ በዚያ ማጽደቅ ነው ያቃተኝ።

አሁን የሚያስቸግረኝ ካሜራው ነው። ስብከቱ በዩቲዩብ በቀጥታ ይተላለፋል፤ ስልኩ የሚተከለው እናቲቱ ይቆሙበት ከነበረው ዓምድ አጠገብ ነው። ካሜራ ደግሞ ሰባኪን ለሌሉት እንዲሰብክ ያባብላል። አንድ ደቂቃዋ ተቆርጣ ቲክቶክ ላይ ትወጣለች፤ የምትቆረጠውም የምታናድደዋ ናት። በስብከት ሰዓት ይጥፋልኝ ብዬ ለሰበካ ጉባኤው አመለከትሁ። «ከሩቅ ሆነው የሚከታተሉ አሉ» ተባልሁ። ሐሰት አይደለም፤ ዓረብ ሀገር በሰው ቤት የሚሠሩ፣ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ፈቃድ የማያገኙ እህቶቻችን ደብራቸው ስልካቸው ነው። ስለዚህ ካሜራው አለ። እኔ ዓይኔን ከእሱ ለማንሣት እታገላለሁ።

እናቲቱ ከዚያ ሰንበት በኋላ ወደ ሌላ ደብር ሄዱ። ይቅርታ ልጠይቅ ሁለት ጊዜ ቤታቸው ሄጃለሁ፤ ቡና አፍልተው ተቀብለውኛል፤ ስለ ስብከቱ ግን አንሥተን አናውቅም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶርያ ላይ የሰላም ስምምነቱ ተፈርሞ፣ ኋላ ስልኩ ሲከፈት፣ ወንድማቸው በሕይወት መኖሩን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። ዘንድሮ በቅበላ ሰሞን ሽሮ ልገዛ ከገባሁበት የሐበሻ መደብር ተገናኘን። ጤናዬን ጠይቀው ሲያበቁ፣ «ምኩራብ ዘንድሮ መቼ ነው የሚውለው፣ መምህር?» አሉኝ።

ባሕረ ሐሳብን ከእኔ በላይ የሚያውቁ ሴት ናቸው። ቀኑን ነገርኋቸው።