የዲያቶም ስውር ዝርያዎች

የዲያቶም ስውር ዝርያዎች የሚባሉት በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አንድ ዓይነት የሚመስሉ፣ በዘረመል ምርመራ ግን የተለያዩ ሆነው የሚገኙ ዲያቶሞች ናቸው። ዲያቶም በወንዝ፣ በሐይቅ፣ በባሕርና በእርጥብ አፈር የሚኖር ባለ አንድ ሕዋስ አልጌ ነው። ሕዋሱ የመስታወት ዋና ንጥረ ነገር ከሆነው ሲሊካ በተሠራ ቅርፊት ይሸፈናል፤ ቅርፊቱም እንደ ሙዳይ እርስ በርስ የሚገጥሙ ሁለት ግማሾች አሉት።

ዲያቶሞች ሲለዩ የኖሩት በቅርፊታቸው መጠን፣ ቅርጽ፣ ጭረትና ቀዳዳ ነው። ይሁን እንጂ መጠን አሳሳች ነው። ሕዋሱ ለሁለት ሲከፈል እያንዳንዱ አዲስ ሕዋስ ከአሮጌው ቅርፊት አንዱን ግማሽ ይወርስና ሌላውን ከውስጥ ይሠራል። ታናሹን ግማሽ የወረሰው ከእናቱ ያንሳል። ትውልዱ በዚህ መንገድ እየቀጨጨ ይሄዳል፤ ወደ ቀድሞ መጠኑ የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ በጾታዊ መራባት ነው። ስለዚህ የአንድ ዝርያ አባላት የማይመሳሰሉበት፣ የተለያዩ ዝርያዎች ደግሞ የሚመሳሰሉበት ጊዜ አለ።

የታወቀው ምሳሌ ሴላፎራ ፑፑላ ነው። ዴቪድ ማን የተባሉት ተመራማሪ በስኮትላንድ ኤድንብራ ከተማ ከሚገኘው ብላክፎርድ ኩሬ የሰበሰቧቸው የዚህ ዲያቶም ዓይነቶች በአንድ ውኃ እየኖሩ እርስ በርስ እንደማይዳቀሉ ተረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ2004 ከነዚህ ውስጥ 5ቱ ራሳቸውን የቻሉ አዳዲስ ዝርያዎች ተብለው ተሰየሙ፤ በኋላ የተደረገው የጂን ንጽጽርም ልዩነታቸውን ደገፈ። ማንና ፒተር ቫኖርሜሊንገን በ2013 ባወጡት ግምት በዓለም ላይ ቢያንስ 30,000፣ ምናልባትም 100,000 ያህል የዲያቶም ዝርያዎች አሉ።

በአቃቂ ወንዝ

ትንሹና ትልቁ አቃቂ የአዲስ አበባን ፍሳሽና የፋብሪካ ዝቃጭ ተሸክመው በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፤ ውኃው ከዚያ ወደ አዋሽ ይወርዳል። በወንዞቹ ዳርቻ ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ በዚሁ ውኃ ይለማል። ስለዚህ ብክለቱ የት እንደሚብስ ማወቅ የገበሬውም የሸማቹም ጉዳይ ነው።

አበበ በየነና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመው ጥናታቸው በቀበናና በአቃቂ ወንዞች ላይ ዲያቶሞችን በዓይን ከሚታዩ የውኃ ውስጥ ነፍሳትና ትሎች ጋር አነጻጽረዋል። እጅግ በተበከሉት ቦታዎች የብክለቱን ደረጃ ለመለየት ዲያቶሞች የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ነፍሳቱ ከጠፉበትም ውኃ ዲያቶም አይጠፋም።

ይህ መለኪያ ግን የሚታመነው የዝርያው ስም ትክክል እስከሆነ ድረስ ነው። ኒትሺያ ፓሌያ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ፓሌያ የሚለውን የዝርያ ስም ያወጣለት ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ኩትሲንግ በ1844 ሲሆን፣ ቃሉ በላቲን ገለባ ማለት ነው። ፍሳሽ በበዛባቸው ወንዞች ስለሚበረክት በብዙ አገሮች የብክለት ምልክት ተደርጎ ይቆጠራል። ሮሳ ትሮባሆና ባልደረቦቿ በ2010 ባሳተሙት ጥናት ግን ከተለያዩ አገሮች የመጡ የዚህ ዲያቶም ናሙናዎች በጂን ሲነጻጸሩ ስሙ ከአንድ በላይ ዝርያ እንደሚሸፍን ታየ። ከነዚህ አንዱ ቆሻሻን ሌላው ንጹሕ ውኃን የሚወድ ቢሆን፣ ሁለቱን በአንድ ስም የቆጠረ ሰው ስለ ወንዙ የሚሰጠው ፍርድ ይዛባል።

የምርመራው አሠራር

በሁለቱም ዘዴዎች ናሙናው የሚወሰደው ከወንዝ ድንጋይ ላይ የሚያዳልጠውን ሽፋን በብሩሽ በመፋቅ ነው። በቆየው ዘዴ ናሙናው በአሲድ ወይም በሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይታጠብና ባዶ ቅርፊቶቹ በማይክሮስኮፕ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። አድካሚና የሰለጠነ ዓይን የሚጠይቅ ሥራ ነው። በአዲሱ ዘዴ ከጠቅላላው ናሙና ዲኤንኤ ወጥቶ የአንድ ጂን ቅደም ተከተል ይነበባል። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው በብርሃን አስተፃምሮ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ለመያዝ የሚያገለግለው አርቢሲኤል ነው። የተነበበው ቅደም ተከተል ቀደም ሲል ከተሰየሙት ጋር ይመሳከራል።

እዚህ ላይ ነው እንቅፋቱ። በማመሳከሪያው መዝገብ ውስጥ የሚበዙት የአውሮፓ ውኃዎች ዲያቶሞች ናቸው። ከአቃቂ የተገኘ ቅደም ተከተል አምሳያ ካጣ፣ ልዩነቱ ቢታይም ስም አያገኝም። ለዚህ መፍትሔው ሕያው ሕዋስ ከወንዙ ለይቶ ማርባት፣ ቅርፊቱንም ጂኑንም አብሮ መመዝገብ ነው። በአሲድ በታጠቡት የቆዩ የማይክሮስኮፕ ናሙናዎች ላይ ዲኤንኤ ስለማይተርፍ፣ ከታጠበው ናሙና ጎን ያልታጠበ ድርሻ በአልኮል ይቀመጣል።