የውሃ ቧንቧ በበያጅ እጅ

በየሰፈሩ ሜዳ የቆመውን የእግር ኳስ ጎል ጠጋ ብሎ ያየ ሰው፣ ቋሚውም አግዳሚውም ብዙ ጊዜ ውሃ እንዲያስተላልፍ የተሠራ ቧንቧ መሆኑን ያስተውላል። የመረብ ኳስ ምሰሶ፣ የልብስ ማስጫ፣ አንቴና የተሸከመ ዘንግ፣ የደረጃ መደገፊያ፣ የእጅ ጋሪ እጀታም ከዚያው ብረት ይሠራሉ። አዲሱ ቧንቧ በስድስት ሜትር ርዝመት ይሸጣል። አሮጌው ደግሞ የሕንፃዎች የብረት መስመር እየተነቀለ በፕላስቲክ ሲተካ፣ በቆራሌው ትከሻ ወደ ምናለሽ ተራና ወደ መሰሎቿ የአሮጌ ዕቃ ገበያዎች ይሄዳል።

ርካሽነቱ አንድ ነገር ነው፤ ዋናው ግን ሌላ ይመስለኛል። ቧንቧ ልኩ፣ ጥርሱና መገጣጠሚያው አስቀድሞ የተወሰነለት ብረት ነው። ላሜራ ወይም ቱቦላሬ የገዛ ሰው እያንዳንዱን መጋጠሚያ ራሱ ቆርጦ ራሱ መበየድ አለበት። ቧንቧ የገዛ ግን ጎሚቶው (ማጠፊያው)፣ ቲው (ባለሦስት አፉ)፣ ማኒኮቶውና ኒፕሉ (መቀጠያዎቹ) ተሠርተው ሱቅ ውስጥ ይጠብቁታል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የብረት ሥራ መግቢያ አላውቅም።

እንዲህ ያለው የብረት ቧንቧ ራሱ የተጀመረው ለሌላ ሥራ የተሠራ ነገር በመዋስ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የእንግሊዝ ከተሞች በጋዝ መብራት መድመቅ ሲጀምሩ ጋዙን የሚያደርስ ርካሽ የብረት ቱቦ ስላልነበረ፣ የጠመንጃ አፈሙዝ ጫፍ ለጫፍ እየተቀጣጠለ አገልግሏል። እ.ኤ.አ. በ1825 ኮርኔሊየስ ዋይትሃውስ የጋለ ጠፍጣፋ ብረት ስቦ፣ ጠቅልሎና አጣብቆ ቱቦ የሚያደርግ ዘዴ በስሙ አስመዘገበ፤ ረጅም ቱቦ በርካሽ ማምረት የተቻለውም ከዚያ ወዲህ ነው። ጆሴፍ ዊትዎርዝ ደግሞ በ1841 ለብሎን ጥርስ ባለ 55 ዲግሪ አንድ ወጥ ልክ አቀረበ። ከሰሜን አሜሪካ ውጭ በአብዛኛው ዓለም የሚሸጠው ቧንቧ ጥርስ ዛሬም በዚያው ማዕዘን ይወጣል። የአሜሪካው 60 ዲግሪ ነው፤ ስለዚህ እዚያ የሚኖር ወዳጅ በሻንጣ ይዞት የመጣው መገጣጠሚያ እዚህ ቧንቧ ላይ ጥቂት ዞሮ ቢነክስም በትክክል አይገጥምም።

ጀማሪውን ግራ የሚያጋባው የቧንቧ ስም ነው። ግማሽ ኢንች የተባለውን ቧንቧ በካሊፐር ቢለኩት የውጭ ስፋቱ 21.3 ሚሊ ሜትር፣ የውስጡ ደግሞ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ በቧንቧው ላይ ይህን የሚያህል ቦታ የለም። ስሙ የወጣው ከውስጥ ቀዳዳው ሲሆን፣ ያን ጊዜ የቧንቧ ግድግዳ ወፍራም ነበር። በኋላ ግድግዳው እየሳሳ ቢመጣም የድሮ መገጣጠሚያዎች ከጥቅም ውጭ እንዳይሆኑ የውጭው ልክ ሳይነካ ቀረ። ስለዚህ ብረት የሚሠራበት ሰው ስሙን ትቶ የውጭውን ልክ ይያዝ፦ ሦስት ሩብ ኢንች 26.9፣ አንድ ኢንች 33.7፣ አንድ ከሩብ 42.4፣ አንድ ተኩል 48.3፣ ሁለት ኢንች 60.3 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ተኩሉ በዓለም ዙሪያ ከሚሠራበት የስካፎልዲንግ ቱቦ ጋር እኩል በመሆኑ የስካፎልዲንግ ማያያዣ ቢታሰርበት ልክክ ብሎ ይገጥመዋል።

ከእነዚህ ቁጥሮች አንድ የሚያስደስት ነገር ይወጣል። መካከለኛ ውፍረት ያለው የሦስት ሩብ ቧንቧ ግድግዳ 2.6 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ውስጡ 21.7 ይሆናል፤ ባለ 21.3ቱ ግማሽ ኢንች ስልት ብሎ ይገባበታል። ግድግዳው 3.2 የሆነው አንድ ኢንች ደግሞ ውስጡ 27.3 ነው፤ ሦስት ሩቡን ይቀበላል። ከፍና ዝቅ የሚል የመሥሪያ ማቆሚያ፣ የሚረዝም እግር፣ የሚሽከረከር ዘንግ ያለ ማሽን ቤት እርዳታ ይሠራል ማለት ነው። እንቅፋቱ በቧንቧው ውስጥ በቁመት የሚሄደው የፋብሪካ ስፌት ነው። ጉብ ያለውን መስመር በክብ ሞረድ ካላነሱት የውስጡ ቧንቧ መንገድ ላይ ይነክሳል። ከዚያ በላይ ወዳሉት ልኮች ሲወጡ ግን ስልቱ አይሠራም፤ አንድ ኢንች በአንድ ከሩብ ውስጥ ከሁለት ሚሊ ሜትር በላይ ይላወሳል፣ አንድ ከሩቡ ደግሞ አንድ ተኩል ውስጥ ጭራሽ አይገባም።

በገጠር የውሃ ጉድጓዶች ላይ የምናየው የገመድ ፓምፕ የዚህ ስልት ልጅ ነው። እጀታውና ዘንጉ ታጥፎ የወጣ አንድ ቧንቧ ሲሆን፣ ዘንጉን የተሸከመውና ዘንጉ ውስጡ የሚሽከረከርበት ቁራጭ ከእሱ ከፍ ካለ ልክ ይቆረጣል። በመካከላቸው የዘይት ጠብታ ብቻ አለ፤ ኩሽኔታ የለም። ሲበላ ያን ቁራጭ በዚያው ወረዳ ያለ በያጅ ይቀይረዋል።

ያለ ብየዳ፣ በጥርስ ብቻ ልሥራ ለሚል በዚንክ የተሸፈነው ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ጥሩ ነው። መደርደሪያ፣ የጠረጴዛ እግር፣ የአልጋ ክፈፍ በቧንቧ መፍቻ ብቻ ይቆማሉ። ሆኖም ብዙዎች ተስፋ የሚቆርጡት አራት ማዕዘን ለመግጠም ሲሞክሩ ነው። አራት ቧንቧና አራት ጎሚቶ ይዘው ሦስቱን ማዕዘን ያስራሉ፤ አራተኛው ግን እንቢ ይላል፣ ምክንያቱም የመጨረሻው ቧንቧ በአንዱ ጫፍ ሲጠብቅ በሌላው ይፈታል። መፍትሔው በአንዱ ጎን መሀል ዩኒየን (ቧንቧው ሳይዞር የሚጠብቅ መገጣጠሚያ) ማስገባት ነው፤ ሁለቱ ወገን ለየብቻ ይታሰሩና ዩኒየኑ መጨረሻ ላይ ይዘጋቸዋል። ሌላም አለ። የቧንቧ ጥርስ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ ጎሚቶው የሚጠብቀው እሱ በፈለገበት አቅጣጫ ነው። ውሃ የማያልፍበት ክፈፍ በመሆኑ ከመጨረሻው ግማሽ ዙር በፊት ቢያቆሙትም ጉዳት የለውም።

ወደ ብየዳ ከመጣን ክብ ቧንቧን በክብ ቧንቧ ላይ ማቆም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። የሚቆመው ቧንቧ ጫፍ እንደ ዓሣ አፍ ጎድጎድ ብሎ ካልተቆረጠ በመካከል ክፍተት ይቀራል፣ በያጁም ክፍተቱን በኤሌክትሮድ ሲሞላ ብረቱን ይበሳዋል። ሁለቱ ቧንቧዎች እኩል ከሆኑ ጫፉን ከሁለቱም ወገን በግራይንደር 45 ዲግሪ ገደማ በሰያፍ ቆርጦ በሞረድ ማለስለስ ይበቃል። የማይለቀኝ ምክር ግን አለ፦ ጎሚቶና ቲ ላይ በተራ ኤሌክትሮድ አትበይዱ። እነሱ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ከፈሰሰ ብረት የተሠሩ ናቸው፤ ሲቀዘቅዙ ይሰነጠቃሉ።

ስለ ጥንካሬው የሚነገረውን በልኩ መያዝ ይገባል። አንድ ኢንች ቧንቧ በሜትር 2.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ያንኑ ያህል የሚወፍር ድፍን ብረት ሰባት ኪሎ ይሆናል። በሲሶው ክብደት ቧንቧው የድፍኑን መጉበጥን የመቋቋም አቅም ከግማሽ በላይ ይዞ ይቀራል። ሆኖም በሁለት ድጋፍ መካከል ያለው ርዝመት እጥፍ ሲሆን በዚያው ጭነት የሚጎብጠው ስምንት እጥፍ ነው። ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሲሞላ ውሃው ብቻ አንድ ቶን ይመዝናል፤ ከተነቀለ ቧንቧ የሮቶ ማማ መሥራት በሰው ሕይወት መወራረድ ነው። የልጆች መወዛወዣም እንዲሁ። አሮጌ ቧንቧ ብዙ ጊዜ የሚዝገው ከውስጥ ስለሆነ ውጭው እያብረቀረቀ ግድግዳው ወረቀት ሊያክል ይችላል። ሲገዙ ጫፉን አስቆርጠው ይለኩት፤ ከሁለት ሚሊ ሜትር በታች ከወረደ ሸክም አይስጡት።

ሁለቱም ጫፉ የተደፈነ ቧንቧ በፍጹም አይበየድም፤ ውስጡ የቀረ ጥቂት ውሃ በእንፋሎት ሊያፈነዳው ይችላል። ትንሽ ቀዳዳ መብሳት ይበቃል። ነዳጅ ያለፈበትን ቧንቧ ግን አልነካውም።

በጣም የሚያሳስበኝ ዚንኩ ነው። ጋልቫናይዝዱን ከዝገት የሚጠብቀው ሽፋን ዚንክ 907 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ብረት የሚቀልጠው ደግሞ 1500 አካባቢ ነው። ስለዚህ ብረቱ ሲቀልጥ ዚንኩ ነጭ ጭስ ሆኖ በበያጁ አፍንጫ ሥር ይወጣል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ማታ ቤት ገብቶ፣ አፉን ብረት ብረት ይለዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያተኩሰዋል። ሰውየው ወባ ወይም ጉንፋን መስሎት ይተኛል፤ በአንድ ሁለት ቀን ይተወውና ተመልሶ ይበይዳል። በሽፋኑ ውስጥ ጥቂት እርሳስ ሊኖርም ይችላል፤ እርሳስ ደግሞ በሰውነት ውስጥ ይከማቻል። በየብየዳ ቤቱ መድኃኒት ተብሎ የሚጠጣው ወተት ለሆድ ጥሩ ምግብ ነው፤ ሳንባ የገባውን ጭስ ግን አያወጣም። አፍ ላይ የታሰረ ጨርቅም ጭሱን አያጣራም።

ብየዳ ቤት ያላችሁ፣ ልጆችን ሙያ የምታስተምሩ ሁሉ፣ ለሚበየድ ሥራ ዚንክ ያልነካውን ጥቁር ቧንቧ ግዙ። ጋልቫናይዝዱ የግድ ከሆነ መጋጠሚያውን ዙሪያውን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ያህል በግራይንደር ፍቃችሁ፣ ሥራውን ደጅ አውጥታችሁ፣ ለብየዳ ጭስ የተሠራ ማጣሪያ ያለው ጭምብል ሰጥታችሁ አሠሯቸው። ዚንኩ የተፋቀበትን ቦታ ሥራው ሲያልቅ የዝገት መከላከያ ቀለም ቀቡት።