የዘይት ግፊት፦ ከእሽቅድምድም መኪና እስከ ሐረጎ ዳገት

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ደሴ የሚወጣ የጭነት መኪና በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ስለሚጨምር፣ ሞተሩ በከባድ ማርሽ ለረጅም ጊዜ እየለፋ፣ በዝግታ ስለሚጓዝም በቂ ነፋስ ሳያገኝ ዘይቱ እጅግ ይግላል። የጋለ ዘይት ስለሚቀጥንና ፓምፑም የሚዞረው በሞተሩ ፍጥነት ልክ ስለሆነ፣ መኪናው ደሴ ደርሶ በሰኞ ገበያ ግርግር መካከል ሲቆም የግፊት መለኪያው ቀስት ከወትሮው ዝቅ ማለቱ ብቻውን የብልሽት ምልክት አይደለም።

በእሽቅድምድም ሞተሮች ዘንድ የቆየው ልማዳዊ መመሪያ ለእያንዳንዱ 1,000 ዙር በደቂቃ 0.7 ባር ያህል ግፊት ይጠይቃል፤ ይህም የግፊት ቁጥር ከዙሩ ጋር ካልተነጻጸረ ትርጉም እንደሌለው ያሳያል። ብሮንዚን በሚባለው ስስ ብረትና በሚሽከረከረው ዘንግ መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ እጅ ያነሰ ሲሆን፣ እዚያ ያለው የዘይት ስስ ሽፋን ከጠፋ ብረት ከብረት ይፋጫል፤ በ7,000 ዙር የሚሠራ ሞተር ደግሞ በሁለት ሴኮንድ ብቻ ከ230 ጊዜ በላይ ይዞራል።

የእሽቅድምድም መኪና ትልቁ ችግር መታጠፊያው ነው። መኪናው ከመሬት ስበት ጋር እኩል በሆነ የጎን ኃይል ሲታጠፍ፣ በሞተሩ ሥር ባለው ኮፓ ውስጥ የዘይቱ ገጽ 45 ዲግሪ ያጋድላል፤ የፓምፑ መምጠጫ አፍ በዚያ ቅጽበት ከዘይት ውጭ ከቀረ አየር ይስባል። 10 በመቶ የሚያዘቀዝቅ መንገድ ግን ዘይቱን ከ6 ዲግሪ በታች ነው የሚያጋድለው፤ ስለዚህ የሐረጎ ሾፌር ከዘይቱ ማጋደል ይልቅ መጋሉን ቢጠነቀቅ ይሻለዋል። በእሽቅድምድም መኪና የሚመረጠው መፍትሔ ዘይቱን ከሞተሩ ውጭ በሚቆም ረጅም ታንክ ማኖርና ወደ ኮፓው የወረደውን በተጨማሪ ፓምፖች እየመጠጡ መመለስ ሲሆን፣ አቅም ያነሰው ደግሞ በታመቀ አየር የሚገፋ የዘይት ማጠራቀሚያ ሲሊንደር ይገጥማል፤ ግፊቱ ሲወርድ ሲሊንደሩ የያዘውን ዘይት ወደ ሞተሩ ይለቃል።

የቱቦ ዝርጋታውም ከፓምፑ አያንስም። በመምጠጫው በኩል ያለ ቀዳዳ ዘይት ከማፍሰስ ይልቅ አየር ስለሚያስገባ፣ ወለሉ ደረቅ ሆኖ ሳለ ዘይቱ አረፋ ይሆናል። መለኪያው ከዘይት ፊልትሮ በፊት ከተገጠመ ደግሞ ፊልትሮው ሲዘጋ ከፍ ያለ ግፊት እያሳየ ሾፌሩን ያታልላል፤ ስለዚህ ትክክለኛው ቦታ ከፊልትሮው በኋላ፣ በሞተሩ ዋና የዘይት መተላለፊያ ላይ ነው። የሞተር ንዝረት ሴንሰሩን እንዳይሰብር ሴንሰሩ በአጭር ተጣጣፊ ቱቦ ተያይዞ በመኪናው አካል ላይ ይታሰራል። የጋለ ዘይት የሚያመላልስ ቀጭን ቱቦ እስከ ዳሽቦርድ መዘርጋት ግን፣ ርካሽ ቢሆንም፣ ቢፈነዳ ሾፌሩን ስለሚያቃጥል አይመከርም።

በተራ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ያለው ቀይ መብራት ብዙውን ጊዜ የሚበራው ግፊቱ ከግማሽ ባር አካባቢ በታች ሲወርድ ስለሆነ፣ በከፍተኛ ዙር ለሚሠራ ሞተር ዘግይቶ የሚደርስ መርዶ ነው። የእሽቅድምድም ቡድኖች ስለዚህ ማስጠንቀቂያውን ከዙሩ ጋር ያያይዙታል፤ መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር 1 ባር ዝም የሚያሰኝ ሲሆን፣ በ6,000 ዙር ግን ያው 1 ባር ሞተሩን ወዲያው እንዲያጠፉ ያስገድዳል።