እንግሊዝኛ በጁባ፦ የመንግሥት ቋንቋ፣ ለተማሪው ባዕድ

አትላባራን በመሰሉ የጁባ ሰፈሮች የሚያድግ ልጅ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ብዙ ጊዜ ሁለት ቋንቋ ይይዛል። ቤት ውስጥ ባሪ፣ ዲንካ፣ ኑዌር ወይም ሌላ የወላጆቹን ቋንቋ ይሰማል፤ ሰፈርና ገበያ ሲወጣ በጁባ አረብኛ ይግባባል። እንግሊዝኛን የሚያገኘው በአብዛኛው ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው። ሆኖም ደቡብ ሱዳን ነፃነቷን ባወጀችበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ የጸደቀው የሽግግር ሕገ መንግሥት እንግሊዝኛን የመንግሥት የሥራ ቋንቋና በየደረጃው የማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎታል። እንግሊዝኛ በሕግ የአገር ቋንቋ ቢሆንም፣ ለአብዛኛው ተማሪ ግን የባዕድ ቋንቋ ነው። የማስተማሩ ችግር ሁሉ ከዚህ ልዩነት ይጀምራል።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን፣ በ1928፣ ከጁባ አቅራቢያ በምትገኘው ረጃፍ የቋንቋ ጉባኤ ተካሂዶ ነበር። ባሪ፣ ዲንካ፣ ኑዌር፣ ሺሉክ፣ ላቱኮና ዛንዴን የመሳሰሉ ቋንቋዎች ለታችኛው ክፍል ትምህርት ተመረጡ፤ ከዚያ በላይ ያለው ለእንግሊዝኛ ተተወ። ትምህርት ቤቶቹ በሚሲዮናውያን እጅ ነበሩ። ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ መንግሥት በ1957 ትምህርት ቤቶቹን ወረሰ፤ አረብኛን አስፋፋ፤ በ1964 ደግሞ የውጭ ሚሲዮናውያንን ከደቡብ አባረረ። በ1972 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው ስምምነት እንግሊዝኛን የደቡቡ ክልል ዋና ቋንቋ አድርጎ መለሰው። በ1975 የተመሠረተው የጁባ ዩኒቨርሲቲም በእንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። ሁለተኛው የእርስ በርስ ጦርነት ግን ዩኒቨርሲቲውን ወደ ካርቱም አሰደደው፤ በ1990ዎቹም አረብኛ የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ ሆነ።

በጦርነቱ ዓመታት ትውልዱ ለሁለት ተከፈለ። ወደ ሰሜን የሸሸው በአረብኛ ተማረ። ወደ ጋምቤላዎቹ ኢታንግና ፒኝውዶ፣ በኋላም በ1992 ወደተከፈተው የኬንያው ካኩማ የስደተኞች ጣቢያ የሄደው እንግሊዝኛ ቀሰመ። ሰላም ሲወርድ ሁለቱም ወደ አንድ አገር ተመለሱ። በአረብኛ ብዙ ዓመት ያስተማረ መምህር የሚያውቀውን ሒሳብና ሳይንስ በማያውቀው ቋንቋ እንዲያስረዳ ተጠየቀ። ስለዚህ በደቡብ ሱዳን እንግሊዝኛ ማስተማር በመጀመሪያ መምህራንን ማስተማር ማለት ነው።

ይህን ከተረዱት ድርጅቶች አንዱ ለመምህራን የተፋጠነ የእንግሊዝኛ ኮርስ ሲሰጥ የቆየው ዊንድል ነው። የድርጅቱ ታሪክ የእኛንም ቤት ይነካል፤ መሥራቹ ሂዩ ፒልኪንግተን በኦክስፎርድ የግዕዙን መጽሐፈ ምሳሌ ያጠና ምሁር ነበር። ናይሮቢ ተቀምጦ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ ስደተኛ ተማሪዎችን ሲረዳ ኖሮ በ1986 አረፈ። በአሜሪካ ዕርዳታ የተካሄደው የሬዲዮ ትምህርት ደግሞ የእንግሊዝኛና የሒሳብ ትምህርት እያሰራጨ፣ ተማሪውንም መምህሩንም በአንድ ላይ ያሠለጥን ነበር። ከእነዚህ ጎን ለጎን የኬንያና የኡጋንዳ መምህራን በጁባ የግል ትምህርት ቤቶች ሲያስተምሩ ቆይተዋል።

መሰናክሉ ግን ከባድ ነው። የ2008 ቆጠራ እንዳሳየው ከአዋቂው ማንበብና መጻፍ የሚችለው 27 በመቶ ብቻ ነበር። በታኅሣሥ 2013 እና በሐምሌ 2016 በጁባ የተቀሰቀሱት ውጊያዎች ትምህርት ቤት ዘጉ፤ ቤተሰብ በተኑ። የዋጋ ንረት የመምህሩን ደመወዝ ከንቱ ስላደረገው፣ የአውሮፓ ኅብረት ከ2017 ጀምሮ ለአንደኛ ደረጃ መምህራን በወር 40 ዶላር ማበረታቻ እስከ መክፈል ደርሶ ነበር። ቋንቋ የተማረ መምህር የተሻለ ክፍያ ወዳለበት የዕርዳታ ድርጅት ሲሄድ በእንግሊዝኛው ምክንያት ክፍሉ ባዶ ይቀራል።

ወደ ውጭ ወጥቶ እንግሊዝኛ ማስተማር ዛሬ ዓለም አቀፍ ሙያ ነው። ከታወቁት ምስክር ወረቀቶች አንዱ፣ የካምብሪጁ ሴልታ፣ ቢያንስ 120 ሰዓት ሥልጠናና ክፍል ውስጥ ገብቶ የማስተማር ልምምድ ይጠይቃል። ሥልጠናው ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን መጽሐፍ በሌለበት፣ ተማሪው በበዛበትና ዕድሜው በተደባለቀበት ክፍል ብቻውን አይበቃም። የደቡብ ሱዳን ሥርዓተ ትምህርት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጡ መፈለጉ ትክክል ነው፤ በራሱ ቋንቋ ማንበብ የለመደ ልጅ ሁለተኛውን ቋንቋ የሚጀምረው ፊደልና ትርጉምን ማገናኘት ካወቀ በኋላ ነውና። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ተምሮ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ከእንግሊዝኛ ጋር የተፋጠጠ ኢትዮጵያዊ መምህር ይህን ከማንም በላይ ይረዳል።

ስለዚህ ወደ ጁባ ለማስተማር የምታስቡ ወገኖች ሆይ፣ መጀመሪያ የጁባ አረብኛ ተማሩ፤ ከዚያም አጠገባችሁ ያለውን የአገሩን መምህር አሠልጥኑ። የውጭ መምህር ሥራ የሚመዘነው እርሱ ከሄደ በኋላ ክፍሉን የሚረከብ የአገር ልጅ በመኖሩ ነው።