የፀሐይ መብራት ባትሪ አሞላልና አያያዝ

ከፀሐይ መብራት ዕቃዎች ሁሉ ቶሎ የሚያልቀው ባትሪው ነው። ጣሪያ ላይ የሚቀመጠው ፓኔል ካልተሰበረ በቀር ከ20 ዓመት በላይ ያገለግላል። ውሃ የሚጨመርበት የእርሳስ ባትሪ ግን በደንብ ቢያዝ 4 ወይም 5 ዓመት ሊቆይ ሲችል፣ ካልተያዘ ዓመት ሳይሞላው ይሞታል። ባለቤቱም «ነጋዴው አታለለኝ» ይላል። አንዳንድ ጊዜ እውነቱን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን ባትሪውን የገደለው ረሃብ ነው። ይኸውም ከሚገባበት የሚወሰድበት እየበለጠ፣ ቀን ከቀን ሳይሞላ ስለሚያድር ነው።

የዚህ ምክንያት በባትሪው ውስጥ ነው። 12 ቮልት የሚሰጥ ባትሪ 6 ክፍሎች አሉት፤ በእያንዳንዱ ክፍል የእርሳስ ሰሌዳዎች ውሃ በተቀላቀለበት ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ቆመዋል። ባትሪው ኃይል ሲሰጥ ከአሲዱ የተለየው ነገር በሰሌዳዎቹ ላይ ነጣ ያለ ሽፋን ሆኖ ይለጠፋል። ባትሪው ሲሞላ ሽፋኑ ይለቅና ወደ አሲዱ ይመለሳል። ባትሪው ሳይሞላ ቀናትና ሳምንታት ከቆየ ግን ሽፋኑ እንደ ደረቀ ኖራ ይጠነክራል፤ ከዚያ በኋላ ቢሞሉትም በቀላሉ አይለቅም። የተሸፈነው ሰሌዳ ሥራ ስለማይሠራ የባትሪው ጉልበት በዚያው መጠን ይቀንሳል።

እንግዲህ ገቢውንና ወጪውን ማስላት ያስፈልጋል። ባትሪዎ 12 ቮልትና 100 አምፔር-ሰዓት ቢሆን፣ ሁለቱ ሲባዙ 1,200 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ያለ ጉዳት ሊወስዱ የሚገባዎ ግማሹን፣ ማለት 600 ብቻ ነው። ባለ 5 ዋት 3 አምፖሎች ለ4 ሰዓት ቢበሩ 60፣ ባለ 30 ዋት ቴሌቪዥን ለ4 ሰዓት ቢሠራ 120፣ ባለ 5 ዋት ራዲዮ ለ5 ሰዓት ቢከፈት 25፣ ድምሩ 205 ዋት-ሰዓት ነው። ባለ 80 ዋት ፓኔል ደህና ፀሐይ ለ5 ሰዓት ቢያገኝ 400 ያመነጫል፤ ከዚህም የሚባክነው ሩቡ ቢቀነስ 300 ይተርፋል። ስለዚህ በበጋ ገቢው ከወጪው ይበልጣል።

አሁን ጎረቤቶችዎ 20 ስልክ ቻርጅ ሊያደርጉ አመጡ እንበል። አንዱ ስልክ 12 ዋት-ሰዓት ያህል ቢወስድ ጠቅላላው 240 ነው። ይህ ከ205 ጋር ሲደመር 445 ስለሚሆን፣ 300 ሊሸፍነው አይችልም። ከስልክ የሚገኘው ሳንቲም ጥሩ ነው፤ ጎረቤት ይመለስ ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ከዚህ ፓኔል ሊተርፍ የሚችለው 95 ስለሆነ በቀን ከ7 ስልክ አይለፉ፤ እርሱንም ማታ ሳይሆን ፀሐይ በጠነከረችበት ሰዓት ያድርጉት።

ከሁሉ የሚከፋው ክረምት ነው። ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ደመና ሲበዛ የፓኔሉ ገቢ በግማሽ ቢቀንስ 150 ብቻ ይቀራል፤ ቤትዎ ግን እንደ በጋው 205 ይጠይቃል። በመስከረም «ሞተ» ተብለው ከሚጣሉት ባትሪዎች ብዙዎቹ የተጎዱት በዚህ ወራት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ቴሌቪዥኑን ቢዘጉ ወጪው ወደ 85 ይወርዳል። ልጆች ቅር ይላቸው ይሆናል፤ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ግን የበለጠ ቅር ያሰኛል። ፓኔሉንም ከአቧራና ከወፍ ኩስ በእርጥብ ጨርቅ ያጽዱ፤ የዛፍ ጥላ እንዳያርፍበት ይጠንቀቁ።

ኃይል ሲያንስ መብራቱን የሚያጠፋው መቆጣጠሪያ ባትሪውን ለመጠበቅ የተሠራ ነው። መብራቱ በጠፋ ጊዜ መቆጣጠሪያውን አልፈው ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው የሚያያይዙ አሉ፤ ከዚህ የከፋ አያያዝ የለም። የመኪና ባትሪም ቢሆን ለዚህ ሥራ አይመችም። የመኪናው ባትሪ ሰሌዳዎቹ ስስ ናቸው፤ የተሠራውም ሞተር አስነሥቶ ወዲያው እንዲሞላ ነው። ለመብራት የሚሻለው ሰሌዳው ወፍራም የሆነው ነው። በውጭ አገር በጎልፍ መጫወቻ ሜዳ ሰው የሚያመላልሱት ትንንሽ የኤሌክትሪክ ጋሪዎች የሚጠቀሙት እንዲህ ያለውን ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ባለ 6 ቮልት ስለሆነ 12 ለማግኘት ሁለቱ ይቀጠላሉ። ሲቀጠሉም ሁለቱም እኩል ዕድሜ ይኑራቸው፤ አሮጌው አዲሱን ይጎትተዋል።

ከተማ ወስደው የሚያስሞሉ ከሆነ፣ ባለ 100 አምፔር-ሰዓቱ ባትሪ በ10 አምፔር ገደማ ቀስ ብሎ ይሙላ። ቸኩሎ በብዙ አምፔር መሙላት ባትሪውን ያግለዋል። ሙቀት ራሱ ዕድሜ ይበላል፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው የባትሪው ዕድሜ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ባትሪውን ከምድጃና ከፀሐይ አርቀው በጥላ ያስቀምጡ።

ውሃውን በየወሩ ይመልከቱ። ሰሌዳዎቹ ሁልጊዜ መሸፈን አለባቸው። ሰሌዳው ከታየ ከመሙላትዎ በፊት እስኪሸፈን ብቻ ጨምረው፣ ባትሪው ከሞላ በኋላ ከሰሌዳው 1 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ያድርጉት። የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ነው። የቧንቧ፣ የምንጭ ወይም ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ ውሃ ማዕድን ስላለበት አይሆንም። በሱቅ «የባትሪ ውሃ» ሲሉ አሲድ የሚሰጡ ስላሉ ጠይቀው ይግዙ፤ ውሃው ሲቀንስ አሲድ አይጨመርም።

ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጂን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ከአየሩ ውስጥ ከ100 እጅ 4 እጅ እንኳ ቢሆን በእሳት ይፈነዳል። ስለዚህ ኩራዝ ይዘው ውሃውን አይመልከቱ፤ አያጭሱ፤ በመኝታ ክፍልም አያስቀምጡት። አሲዱ ዓይን ውስጥ ቢረጭ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ንጹሕ ውሃ አጥበው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

የልማት ሠራተኞች ቮልት መለኪያ ይዘው ቢዞሩ መልካም ነው። የሚለካው ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትወጣና መብራቱ ከጠፋ ጥቂት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። 12.7 ቮልት ሙሉ፣ 12.2 ግማሽ፣ 11.9 ባዶ ማለት ነው። መቆጣጠሪያው ውሃ ለሚጨመርበት ባትሪ መስተካከሉንም ይመልከቱ፤ ሲሞላ ከ14.4 እስከ 14.8 ቮልት መድረስ አለበት። የተደፈነውና የሊቲየሙ ባትሪ ሌላ ልክ ስላላቸው ይህ አይሠራባቸውም፤ የተደፈነውንም ፈጽሞ አይክፈቱ።

የሞተውን ባትሪ ሰብሮ እርሳሱን ማቅለጥ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ በግቢው ይበትናል። ሳይሰበር፣ አሲዱም ሳይፈስ፣ አሮጌ ባትሪ ለሚገዛ ነጋዴ ያስረክቡት።