«እርጅና ነው» እየተባለ ስለ ተተወው ሕመም፤ የሽማግሌዎች ሕክምና እንዴት እንደ ተጀመረ

አንድ አዛውንት እግራቸው ዝሎ ከአልጋ መነሣት ሲያቅታቸው፥ ወይም ትናንት የተነገራቸውን ዛሬ ሲረሱ፥ ጠያቂው ሁሉ አጠገባቸው ተቀምጦ «ምን ይደረግ፥ እርጅና ነው» ይላል። ንግግሩ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ለታማሚውም ለቤተሰቡም ማጽናኛ እንዲሆን የሚነገር ነው። ነገር ግን ሳይመረመር «እርጅና ነው» የተባለ ሕመም ከዚያ በኋላ የሚመረምረው አያገኝም። እግሩ የዛለው በደም ማነስ ይሁን በስኳር በሽታ፥ በጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም ይሁን በልብ ድካም፥ ማንም አይጠይቅም። ይህ ቃል በሐኪሞችም አፍ ብዙ ዘመን ኖሯል። በዚህ ወር ጽሑፋችን ቃሉን አንቀበልም ስላሉት ጥቂት ሐኪሞችና ስለ ሥራቸው እንገልጻለን። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮጳ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢዎቻችን ያስተውሉ።

ለዚህ የሕክምና ክፍል ስም ያወጡለት ዶክተር ኢግናዝ ናሸር ናቸው። በ1863 ዓ.ም. በቪየና ከተማ ተወልደው ያደጉትና የሠሩት በኒው ዮርክ ነው። ገና ተማሪ ሳሉ ከመምህራቸው ጋር የድኾች መጠለያ ሲጎበኙ አንዲት አሮጊት ቀርበው ሕመማቸውን ተናገሩ፤ መምህሩም ነገሩ እርጅና እንጂ ሌላ አይደለም፥ የሚደረግላቸውም ነገር የለም ብሎ አለፈ ይባላል። ይህ መልስ ለወጣቱ አልተዋጠለትም። በ1909 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፥ ስለ ሕፃናት ሕክምና የተለየ ትምህርት እንዳለ ሁሉ ስለ ሽማግሌዎችም ሊኖር ይገባል በማለት «ጄሪያትሪክስ» የሚለውን ስም ሰጡት፤ ስሙ እርጅናና ሕክምና የሚል ትርጕም ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት የተሠራ ነው። በ1914 ዓ.ም. ደግሞ በዚሁ ጉዳይ መጽሐፍ አሳተሙ። የክርክራቸውም ፍሬ ይህ ነበር፤ ሕፃን የትልቅ ሰው ታናሽ ምስል እንዳልሆነ ሁሉ ሽማግሌም የተበላሸ ጎልማሳ አይደለም፤ እርጅና ራሱን የቻለ የዕድሜ ክፍል ሲሆን፥ በእርጅና ዘመን የሚመጣ በሽታ ግን በሽታ ነው።

ስም ማውጣትና ሥራ መጀመር ግን ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ሥራው የተጀመረው ከዚያ ብዙ ዓመት ቈይቶ፥ ማንም በማይጠብቀው ስፍራ ነው።

በእንግሊዝ አገር በ1834 ዓ.ም. በወጣው የድኾች ሕግ መሠረት ረዳት የሌለው ሰው «የሥራ ቤት» በሚባል መጠለያ ገብቶ እንዲረዳ ይደረግ ነበር። ቤቱ እንዳይመች ተደርጎ የተሠራው ሆን ተብሎ ነው፤ ሰነፍ ሁሉ እየመጣ እንዳይጠለልበት ይፈራ ነበርና። ውሎ አድሮ ግን ቤቱን የሞሉት ሰነፎች ሳይሆኑ ሕሙማንና ሽማግሌዎች ሆኑ፤ ስለዚህ በየሥራ ቤቱ የሕሙማን ክፍል ተሠራ። ዝነኞቹ ሆስፒታሎች ቶሎ ድኖ የሚሄድ ሕመምተኛ ይመርጡ ስለ ነበር፥ አንድ ጎኑ ሽባ የሆነ ሰው፥ ጭናቸው የተሰበረ አሮጊት፥ ሽንት መቈጣጠር ያቃተው አዛውንት ሁሉ ወደነዚህ ክፍሎች ይላኩ ነበር። እዚያ የገባ ሰው ይመገባል፥ ይታጠባል፥ ይተኛል፤ ከዚህ አልፎ የሚጠበቅለት ነገር አልነበረም።

ከለንደን በስተ ምዕራብ፥ በአይልዎርዝ የሚገኘው የዌስት ሚድልሴክስ ሆስፒታል በአጠገቡ የነበረውን እንዲህ ያለ ክፍል በ1935 ዓ.ም. ተረከበ። ከሕንጻው ጋር 714 ሕመምተኞች አብረው ተቈጠሩ። ሥራው የተሰጠው በዚያው ሆስፒታል ከ1926 ዓ.ም. ጀምሮ ላገለገሉት ለዶክተር ማርጆሪ ዎረን ነበር። እኒህ ሐኪም በ1897 ዓ.ም. የተወለዱ፥ ልባቸውም ወደ ቀዶ ሕክምና ያደላ ነበር እንጂ የሽማግሌዎች ሐኪም ለመሆን አስበው አያውቁም። እንዲህ ያለ ሐኪም ያን ጊዜ አልነበረምና ቢያስቡም የሚማሩበት አልነበረም።

ዶክተር ዎረን በመጀመሪያ ያደረጉት ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ እያንዳንዱን ሕመምተኛ እንደ አዲስ መረመሩ። ብዙዎቹ ለዓመታት ከአልጋ ያልወረዱ፥ ጉልበታቸው ታጥፎ የቀረ፥ ተስፋቸውም የተቈረጠ ሰዎች ነበሩ። መርምረው ሲጨርሱ በአምስት ወገን ለዩዋቸው። ከአልጋ ተነሥተው መዋል የሚችሉት አንድ፥ አልጋ ላይ ቢውሉም ሽንታቸውን የሚቈጣጠሩት ሁለት፥ መቈጣጠር ያልቻሉት ሦስት፥ አእምሯቸው ደክሞ ማንንም የማያውኩት አራት፥ በአእምሮ መታወክ ምክንያት ለብቻ መጠበቅ የሚያሻቸው አምስተኛ ሆኑ። ይህ ሳይደረግ በፊት አእምሮው ንጹሕ የሆነ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ከሚጮኽ ሰው አጠገብ ሊተኛ ይችል ነበር፤ ለሁለቱም መከራ ነበር።

ቀጥሎ ወደ ክፍሎቹ ዞሩ። ግድግዳው በፈካ ቀለም ተቀባ፤ መብራቱ ተጨመረ፤ ሕመምተኛው እየተደገፈ የሚራመድበት መያዣ በግድግዳው ላይ ተሠራ፤ ቁመቱ የተስተካከለ፥ ተቀምጠው ለመነሣት የሚያመች ወንበር ቀረበ። ቀለም መቀባት ከሕክምና ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ክፍሉ የሞት መጠበቂያ ሲመስል ሕመምተኛውም ነርሷም እንደዚያው ያስባሉ። ከሁሉ በላይ ግን የሥራው አሠራር ተለወጠ፤ ሐኪሙ፥ ነርሷ፥ አካል የሚያሠለጥነው ባለሙያ፥ እጅን በሥራ የሚያፍታታው ባለሙያና ስለ ቤተሰቡ ኑሮ የምትጠይቀው ሠራተኛ ስለ አንድ ሕመምተኛ አብረው የሚመክሩ ሆኑ። ሽባ የሆነውን ሰው እንዲቀመጥ፥ ቀጥሎ እንዲቆም፥ ከዚያም እንዲራመድ፥ ልብሱን ራሱ እንዲለብስ በየቀኑ ያለማምዱት ጀመር።

ብዙዎች ተነሡ። ከእነርሱም ወደ ቤታቸው ወይም ወደ አረጋውያን ማረፊያ የሄዱ ጥቂቶች አይደሉም፤ ለእነዚህ ሕሙማን ያስፈልግ የነበረው አልጋ ከጊዜ በኋላ ወደ 240 ገደማ ዝቅ አለ። የተረፈው አልጋ ለሌሎች ሕሙማን ዋለ። ለማይድኑት እንኳ ቢሆን የአልጋ ቍስል መቅረቱና ሕመማቸው መቅለሉ ትንሽ ነገር አይደለም።

ለመሆኑ ዕረፍት የሕሙማን መድኃኒት ሆኖ ሳለ አልጋ እንዴት ሰውን ይጐዳል? ይህን ጥያቄ በ1947 ዓ.ም. የለንደኑ ሐኪም ሪቻርድ አሸር በእንግሊዝ የሐኪሞች መጽሔት ላይ በሰፊው መልሰውታል። እኛም ነገሩን በአጭሩ እናስረዳለን። ሰው ሳይንቀሳቀስ ሲተኛ በእግር ሥር ያለው ደም ዝግ ይላል፤ ይረጋና ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል፤ ይህም በድንገት ይገድላል። ሳንባ በደንብ ስለማይነፋ አክታ ከታች ይጠራቀምና የሳንባ ምች ይከተላል። ቆዳው በአጥንትና በፍራሽ መካከል ሲጨፈለቅ ደም ስለማይደርሰው ይሞታል፤ የአልጋ ቍስል የሚባለው ይህ ነው፤ ለመጀመር ጥቂት ሰዓታት ይበቁታል፥ ለመዳን ግን ወራት ይፈጃል። አጥንት የሰው ክብደት ካልተሸከመ ኖራው እየወጣ ይሳሳል። ጡንቻ ይሟሽሻል፤ መገጣጠሚያ ታጥፎ ይደርቃል፤ ሆድ ይደርቃል፤ ሽንት በደንብ አይወጣም። ወጣት ከአንድ ሳምንት መኝታ በኋላ ቶሎ ኃይሉን ይመልሳል፤ ሽማግሌ ግን በጥቂት ቀን ያጣውን ጕልበት ለመመለስ ብዙ ሳምንት ያስፈልገዋል። ስለዚህ በጉንፋን ምክንያት የተኙ አዛውንት ጉንፋኑ ለቋቸው መነሣት ቢያቅታቸው፥ ያስቀራቸው ጉንፋኑ ወይም ዕድሜው ሳይሆን አልጋው ሊሆን ይችላል።

ዶክተር ዎረን ያዩትንና የሠሩትን በ1943 እና በ1946 ዓ.ም. በታተሙ ጽሑፎች አስታወቁ። የጠየቁትም ሦስት ነገር ነበር፤ የሽማግሌዎች ሕክምና ራሱን የቻለ ሙያ ይሁን፤ ክፍሉም መመርመሪያ መሣሪያና ባለሙያ ባለበት በጠቅላላው ሆስፒታል ውስጥ ይሁን እንጂ ርቆ አይሠራ፤ የሕክምና ተማሪዎችም በዚያ ይማሩ። ብዙ ሐኪሞች ነገሩን ንቀውት ነበር። ዝና ከማያስገኝ ሕመምተኛ ጋር ማን ይደክማል የሚል ስሜት ነበር፤ ይህ ስሜት ፈጽሞ ጠፍቷል ለማለት አንደፍርም።

ሆኖም ባልንጀሮች አልጠፉም። ላየነል ኮዚን የተባሉት ቀዶ ጠጋኝ በኦርፒንግተን ጭናቸው የተሰበረ ሽማግሌዎችን ቀዶ በማከምና ቶሎ ከአልጋ በማስነሣት፥ ለዓመታት ይተኙ የነበሩት ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ አደረጉ፤ በኋላም በኦክስፎርድ ሕመምተኛው ቀን ውሎ ማታ ወደ ቤቱ የሚመለስበትን ሆስፒታል አቋቋሙ። ጆሴፍ ሼልደን ደግሞ በዎልቨርሃምፕተን ከተማ ሽማግሌዎችን በየቤታቸው እየጎበኙ አጥንተው በ1948 ዓ.ም. መጽሐፍ አወጡ፤ የአስታማሚነቱን ሸክም የተሸከሙት ሆስፒታሎች ሳይሆኑ ቤተሰቦች፥ ይልቁንም ሚስቶችና ሴት ልጆች መሆናቸውን አሳዩ። በ1947 ዓ.ም. በትሬቨር ሃዌል አነሣሽነት ጥቂት ሐኪሞች ተሰብስበው ማኅበር መሠረቱ፤ ማኅበሩም በ1959 ዓ.ም. የብሪታንያ የሽማግሌዎች ሕክምና ማኅበር ተባለ። በ1948 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና አገልግሎት ሲቋቋም የሥራ ቤቶቹ የሕሙማን ክፍሎች ከነሽማግሌዎቻቸው ወደ መንግሥት ሆስፒታልነት ስለ ተዛወሩ፥ የእነ ዶክተር ዎረን አሳብ የመንግሥት ጉዳይ ሆነ።

ሙያው እየዳበረ ሲሄድ አንድ ነገር በይበልጥ ታወቀ፤ በሽታ በሽማግሌ ላይ ሲመጣ መልኩን ለውጦ ይመጣል። ወጣት የሳንባ ምች ሲይዘው በትኵሳት ይነድዳል፤ አዛውንት ግን ያለ ትኵሳት በድንገት ሊቀባዥሩ ይችላሉ። የልብ አደጋ ያለ ደረት ሕመም፥ በድካም ብቻ ሊገለጥ ይችላል። የመድኃኒት ብዛት ራሱ መውደቅንና መደናገርን ያመጣል፤ ኩላሊት እንደ ቀድሞው መድኃኒቱን አያስወግድምና። የበርሚንግሃሙ መምህር በርናርድ አይዛክስ አለመንቀሳቀስን፥ መውደቅን፥ ሽንት መቈጣጠር አለመቻልንና የአእምሮ መድከምን አራቱ ግዙፎች ብለው የሰየሟቸው ስለዚህ ነው፤ እያንዳንዳቸው በስተኋላቸው ሌላ ምክንያት ደብቀው ይይዛሉና።

በኛ አገር ሽማግሌ የሚጦረው በቤቱ፥ በልጆቹና በልጅ ልጆቹ መካከል ነው። ይሁን እንጂ አክብሮታችን ራሱ አንዳንድ ጊዜ አባትንና እናትን አልጋ ላይ ያስቀራል። ውኃው እዚያው ይቀርባል፥ ምግቡ እዚያው ይጐረሳል፥ «አይነሡ፥ አይድከሙ» ይባላል። ሐኪም ካልከለከለ በቀር ታማሚውን በቀን ደጋግሞ ማስቀመጥ፥ ደግፎም ጥቂት ማራመድ፥ መነሣት የማይችለውን ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥና ወገቡን፥ ዳሌውንና ተረከዙን ቀላ ብሎ እንደ ሆነ መመልከት ይገባል። ቅላቱ ቆዳው መጐዳት መጀመሩን ያመለክታልና፥ ያንን ስፍራ ማሸት አይገባም፤ ከጫና ማሳረፍ ነው። ጠይም ቆዳ ላይ ቅላቱ ስለማይታይ በእጅ ዳስሶ ሙቀቱንና ጥንካሬውን ማስተያየት ይሻላል። በድንገት የተደናገረ አዛውንትም በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

በ1965 ዓ.ም. የግላስጎ ዩኒቨርሲቲ በሽማግሌዎች ሕክምና በዓለም የመጀመሪያ የሆነውን የፕሮፌሰርነት ወንበር አቋቁሞ ፈርጉሰን አንደርሰንን ሾመ። ዶክተር ዎረን ግን ይህን አላዩም፤ በ1960 ዓ.ም. ከአገራቸው ውጭ በጉዞ ላይ ሳሉ በመኪና አደጋ ሞተዋል።