የእምባቦ ባላንጣዎች የልጅ ልጆች

በጥር 1873 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ራስ አዳል ተሰማን «ተክለ ሃይማኖት» አሰኝተው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ አድርገው አነገሡ። የተደፋው ዘውድ አዲስ ቢሆንም ቤቱ ነባር ነው። የንጉሡ አያት ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ በ1845 ጉር አምባ ላይ ከካሳ ኃይሉ (ከኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ) ጋር ሲዋጉ የወደቁ የጎጃም ገዥ ናቸው። ዘሩ ወደ ላይ ሲቆጠር እቴጌ ምንትዋብ ዘንድ ይደርሳል። የእቴጌይቱ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ለጎጃሙ ደጃዝማች ዮሴዴቅ ተድረው ቀዳማዊውን ራስ ኃይሉን ወልደዋል። የጎንደር ደም ወደ ጎጃም የተሻገረው እንግዲህ በሙሽራ ነው።

ይህን ቤት ለማወቅ ከጦር ሜዳው ይልቅ ከሠርጉ መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ። የጀርመን መሳፍንትም ታሪክ የሚገባው እንዲሁ ነው። ሳክስ ኮበርግ ትንሽ ግዛት ነበረች፤ የቤቱ ልጅ አልበርት ግን እ.ኤ.አ. በ1840 የእንግሊዟን ንግሥት ቪክቶሪያን አገባ። ሁለቱ የወንድምና የእህት ልጆች ነበሩ። በጎጃም ይህ ነውር ነው፤ ዝምድና እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። መኳንንቱ ደንቡን ሁልጊዜ ባይጠብቁትም፣ ትልቅ ጋብቻ የሚፈልግ ገዥ ዓይኑን ወደ ትግራይ፣ ወደ ወሎና ወደ ሸዋ መጣሉ አይቀርም ነበር።

ጎጃምና የጀርመን መሳፍንት በውርስም ይለያያሉ። የሄሰኑ ልዑል አሌክሳንደር እ.ኤ.አ. በ1851 ከማዕረጋቸው በታች በማግባታቸው ልጆቻቸው «ባተንበርግ» ተብለው ከሄሰን ውርስ ወጡ። በእኛ አገር ግን አባት «ልጄ ነው» ካለ መንገዱ ክፍት ነው። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ከሕጋዊ ሚስት አልተወለዱም፤ የቀድሞ ስማቸውም ሥዩም ነበር። አባታቸው ንጉሡ በ1893 ሲያርፉ ዐፄ ምኒልክ ጎጃምን ከፋፈሉት፤ ከዓመታት በኋላ ግን ደብረ ማርቆስ ተቀምጠው ጎጃምን የገዙት እኒሁ ልጅ ናቸው። የንጉሥነት ማዕረጉ ለጎጃም ሰው ዳግም አልተሰጠም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የ1902ቱ ጋብቻ ነው። በግንቦት 1874 እምባቦ ላይ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ተሸንፈው ተማርከዋል። ሃያ ስምንት ዓመት አልፎ የተሸናፊው የልጅ ልጅ ሰብለ ወንጌል ኃይሉ ለአሸናፊው የልጅ ልጅ ለአልጋ ወራሹ ልጅ ኢያሱ ተዳረች። ሙሽራው ገና ልጅ ነው፤ ያም ሆኖ ከአንድ ዓመት በፊት የዐፄ ዮሐንስን የልጅ ልጅ ሮማነወርቅ መንገሻን አግብቶ ጋብቻው ፈርሶበታል። ሰብለ ወንጌል ዓለም ጸሐይን ወለደች። በዚህች ሕፃን የምኒልክ፣ የተክለ ሃይማኖትና የኢያሱ አባት የሆኑት የወሎው ሚካኤል ደም ተገናኘ። ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ለእነዚህ ሴቶች ከአንድ መስመር በላይ አለመስጠታቸው ያሳዝነኛል፤ የሰላም ውል ሆነው የተላኩት እነሱ ነበሩና።

አማችነቱ ዋጋም አስከፍሏል። በ1924 ልጅ ኢያሱ ከታሰሩበት ከፍቼ ሲያመልጡ ራስ ኃይሉ ረድተዋል ተብለው ሀብታቸው ተወርሶ ታሰሩ፤ ጎጃም ለራስ እምሩ ተሰጠ። ጣሊያን ሲገባ ተፈትተው ከጣሊያን ጋር ወገኑ። የወንድሞቻቸው ልጆች፣ ኃይሉ በለውና ነጋሽ በዛብህ፣ ግን ከበላይ ዘለቀና ከመንገሻ ጀምበሬ ጋር የጎጃምን አርበኞች ከመሩት ዋነኞቹ ናቸው። ስለዚህ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ የአንድ ንጉሥ ዘር በሁለቱም ወገን ቆሞ ነበር። ከነጻነት በኋላ ኃይሉ በለው ራስ ተብለው ጎጃምን ገዙ። ነጋሽ በዛብህ ቢትወደድ ቢባሉም በ1943 በንጉሠ ነገሥቱ ላይ አሲረዋል ተብለው ታሰሩ።